አራት መስመር

ቤታችን ጦሳ ሥር፣ ጉም ሳያንኳኳ ገብቶ
የሚውልበት ነው፣ እንደ ዘመድ ተኝቶ።
ሰባት ልጅ፣ አንድ እናት፤ አባቴን አልቆጥርም፣
እሱ ያለበት አገር ፎርም አይጠይቅም።

የቀበሌው ልጅ መጣ፣ አራጋው ነው ስሙ፣
እስክሪብቶው ቀዝቅዞ በትንፋሽ ማሞቁ፤
ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያን ነጭ ወረቀት
«ስንት ናችሁ?» አለ በጨዋ አንደበት።
«ስምንት» አለች እናቴ።
ዝም አለ። ጣሪያውን አየ፤ ከዚያም እኛን።
«ሴፍቲኔት የሚይዘው እስከ አራት ሰው ነው፣
መስመሩም አራት ነው፤ እኔ ምን ላድርገው?»

እናቴ ሳቀች። የኛ ሰው ሲቸግረው
መጀመሪያ ይስቃል፣ ኋላ ነው የሚያስበው።
«አብሽር፣ የኔ ልጅ፤ አንተን ማንም አይወቅስም፣
እኔ ነኝ የወለድኩ፣ ወረቀት አይወልድም።
እኔን ጻፍ፤ አካፋ የምይዝ እኔ ነኝ።
ሰአዳን፤ ታላቅ ናት።
ሙህዬን፤ ማታ ማታ ደረቱ ያፏጫል።
አራተኛ...» አለችና
አንድ በአንድ አየችን፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው፤
ዓይኗ እኔ ላይ ቆመ፣ አለፈኝ።
«ሷሊህን ጻፍ» አለች፣ «ጨቅላውን። እሱ ገና
መራብ አልለመደም።»

እኔ ረውዳ ነኝ። ከወረቀቱ ጠርዝ ማዶ።

ከዚያ ወዲህ ድስት ሲወጣ ሙህዬ ይፎክራል፦
«የዛሬው ሽሮ በኔ ስም ተገዝቷል!»
ስም መከራየት ያዝን፣ አንድ ጉርሻ በአንድ ብይ፤
የሙህዬ ስም ውድ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ አታላይ።
ሰአዳ ግን በነጻ፦ «ነይ ስሜን ልበሺው፣
ብርድ ነው ዛሬ፤ ሲነጋ መልሺው።»

እናቴ በማለዳ ቢጫ ሰደርያ ለብሳ
ቦይ ትጠርጋለች ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ።
ክረምት የዋጠውን ላስቲክ፣ ጭቃ፣ ጨርቅ ታወጣለች፤
አንዳንዴ ደህና ጫማ ይዛ ትመጣለች፣
አንድ እግር ብቻ።
«ሌላኛው» ትላለች «አልተጻፈም መሰለኝ።»

ደመወዝ ሲገባ ባንኩ ከመቶ ሃያ ለነገ ያስቀምጣል፤
የቀረው በአራት ገብቶ በስምንት ይወጣል።
ሐሰት አልናገር፦ ያ አራት መስመር
የሙህዬን ደረት ሁለት ክረምት አሻግሯል።
ባይኖር ኖሮ አልልም፤ አውቀዋለሁ ባይኖር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጥቅምት አንድ ሌሊት
የሰአዳ ቦታ ቀዝቅዞ አደረ።
በባቲ መንገድ ነው አሉ፣ ከደላላ ጋር፣
ከአምስት የሰፈር ልጆች ጋር፣ ጨው በጫነ መኪና ላይ
ወይም ባዶውን በሚመለስ። ማን ያውቃል።
ትራሷ ሥር ሁለት መቶ ብር፣ የደብተር ቅዳጅ፦
«በኔ ቦታ ረውዳን አስጽፏት።»

እናቴ ሦስት ሳምንት ቀበሌ አልሄደችም።
«ስሟን ካሰረዝኩ» አለች «መንገድ ላይ ትቀርብኛለች።»
ኋላ ዱቄቱ አለቀ።

አራጋው ማስመሪያ ይዞ ሰረዛት፣
ስርዝዙ እንዳይጎረብጥ ተጠንቅቆ፤
ከላይዋ ጻፈኝ፣ በትንንሽ ፊደል፣
ቦታው ጠቦት።
ተጻፍኩ።
ስንት ሌሊት የተመኘሁት ነገር
እንደ እርጥብ ቀሚስ ጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘ።

የዚያን ማታ ድስቱ ሲወጣ
ሙህዬ አልፎከረም፤ ብዮቹን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ዝም።
ሰባት እጅ ነበርን ትሪው ላይ፤
አንዱን ጥግ ማንም አልነካም።
ትንሿ ዘምዘም ጎኔ ተጠጋችና
«ዛሬ በማን ስም ልብላ?» አለችኝ።

«ነይ» አልኳት፣ «ስሜን ልበሺው።
ብርድ ነው ዛሬ።»

ሲነጋ መልሺው
አላልኳትም።